ወደ ቀኝ የሚጎትተው መኪና

የጭነት መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ በጋራዡ በር ሲገባ ውኃልክ ከተኛበት ሌላ መኪና ሥር አልወጣም። የታላቅ ወንድሙ ሞተር መሆኑን ከድምፁ አውቆታል፤ ያንን ድምፅ አለማወቅ የእናትን ሳል አለማወቅ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ከዚያ አቧራ የለበሱ ጫማዎች መጥተው ከራስጌው ቆሙ።

«አሁንም ወደ ቀኝ ይጎትታል» አሉት ጫማዎቹ።

ውኃልክ የያዘውን ቁልፍ ደረቱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ እንዲህ ቆሽቱ ሊያር እንደሚችል ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቼሃለሁ ጋሼ። ሰፈሩም ሰምቷል።»

ውኃልክ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። እዚያው ጋራዥ ጥግ ይዞ ሞተር የሚፈታው ባለ ሞተሩ ነው ያወጣለት፤ እሱ የነካው መኪና አዘንብሎ አይቆምም፣ ሲሄድም ወዲያ ወዲህ አይልም ለማለት ነው። ባለ ሞተሩ በዕድሜው ሰው ያመሰገነው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን ሊያመሰግን በሰው ላይ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም። ስሙ ግን ከጋራዡ አልፎ በሾፌሮች ዘንድ ተዛመተ። የፊት እግሩ የታመመ የጭነት መኪና ያለው ሁሉ «ውኃልክ ጋ ውሰደው» ይባላል። ውኃልክ ሌላ ሀብት የለውም፤ ቤቱም ትዳሩም የቆመው በዚህች ስም ላይ ነው።

ወንድምየው ደግሞ አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሱን ያሳደገ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ሳይቀር በዚሁ መኪና ጋቢና ጭኖ ያመላለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ቁጣውም ምክሩም የአባት ነው። ውኃልክ ለዓመታት «ጋሼ፣ የፊት እግሩ አልቋል፤ ስጠኝና ልሥራልህ» እያለ ሲለምነው «መሪ መያዝ የጀመርኩት አንተ ዳዴ ሳትል ነው» እያለ ሲመልሰው ኖሯል። በቅርቡ ግን ድንገት ራሱ ይዞት መጣ። «መሪው ከብዶኛል። ፍታው» አለ። ውኃልክ ከደስታው ብዛት ዛሬ ምን ተገኘ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ፈታው። መፈታትም ነበረበት። ባሊስትራው፣ ያ ተደራርቦ ታስሮ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወገቡን የሚያረግብለት የብረት ቅጠል፣ ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ቡኮላዎቹ ተበልተዋል። ቡኮላ ማለት በፒንና በባሊስትራ መካከል ገብታ ጠባቸውን የምታበርድ ቀለበት ናት፤ አስታራቂ ብትሏት አትሳሳቱም፣ እንደ አስታራቂም ከሁለቱ ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት። ጎማው የሚዞርበት ትልቁ ፒን ቅባት ማየት ከተወ ዘመን አልፎት ተጣብቆ ቀርቷል። በመዶሻ አልወጣ ሲል በእሳት አሙቆ፣ እሱም ከእሳቱ እኩል ግሎ፣ አወጣው። ከዚያ ሁሉንም በአዲስ ተካ። ለሌላ ሰው አንዴ የሚያጠብቀውን ቡሎን ለወንድሙ ሁለቴ አጠበቀ። ክር ወጥሮ የጎማዎቹን አቀማመጥ ለካ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከፊት ለፊት ቆሞ አየው፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህን ለራሱ ሲናገር አላፈረም።

ወንድምየው ነዳውና ተመልሶ መጣ። ወደ ቀኝ ይጎትታል።

በመጀመሪያው ጊዜ ጎማ ነው ተባለ። ጎሚስታው የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየረ። በሁለተኛው ጊዜ ባዶ ስለሆነ ነው ተባለ፤ አሸዋ ጭነው ሞከሩት። ውኃልክ ራሱ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ይዞት ወጣና ፍጥነት ሲይዝ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ አነሣ። መኪናው ሳያጣምም ቀጥ ብሎ ሄደ። ባለ ሞተሩም ነዳው፤ ያው ነው። ወንድምየው ሲይዘው ግን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውኃልክ ከጎን ተቀምጦ በዓይኑ አይቶታል፤ የመንገዱ ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ እነሱ ይመጣል።

«እስቲ መሪውን ልቀቀው ጋሼ። ልቀቀውና ወዴት እንደሚሄድ እንየው።»

«ሾፌር መሪ አይለቅም።»

«ለአፍታ።»

«ለአፍታም አይለቅም። አንተ የምትለቀው ሾፌር ስላልሆንክ ነው።»

በዚህ ዓይነት ሦስተኛው ጊዜ መጣ። ሰኞ ደግሞ ወንድምየው ሙሉ ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነው። ያ ቁልቁለት ጥምዝምዝ ነው፤ በቀኝ በኩል ገደል እንጂ አጥር የለውም። ሾፌሮች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወደ ቀኝ በሚጎትት መኪና እዚያ መውረድ ምን እንደሆነ ለውኃልክ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ሌሊት አልጋው ላይ ሲገላበጥ የሚያየው እሱኑ ነው፤ ጠዋት ሲነሣም ያው ነው።

ከመኪናው ሥር ወጥቶ ተነሣ። «ሰኞ ይቅርብህ ጋሼ» አለ።

«አይቀርም።»

«ይጎትታል እያልክ?»

«ቢጎትትም ባይጎትትም እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ አልችልም ያለ ሾፌር ዳግመኛ ጭነት አይሰጠውም። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ባለ ሞተሩ ከጥጉ ሆኖ ሳቀ። «ዘመድ የሠራው እንዲህ ነው። የሚቆጣ አይጠፋም፣ የሚከፍል ነው የሚጠፋው።»

«አንተ ሞተርህን ያዝ» አለው ውኃልክ።

«ይዣለሁ። የኔ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይሄድም፤ ጨርሶ አይነሣም እንጂ።»

ውኃልክ ክሪኩን አስገብቶ የመኪናውን ፊት አነሣ። ጎማዎቹን አወረደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ሊጀምር ወሰነ፤ የሠራውን ሁሉ እንዳልተሠራ ቆጥሮ አንድ በአንድ ፈተሸ። ፒኑን በእጁ አዞረው፤ እንደ ቅቤ ይዞራል። ቡኮላዎቹን በብረት ወዘወዛቸው፤ ንቅንቅ የለም። የግራውን ባሊስትራ ለካ፣ የቀኙን ለካ፣ እኩል ናቸው። ፍሬኑ በአንድ ወገን ይዞ እንደሆን ብሎ አየው፤ አልያዘም። ክሩን እንደገና ወጠረ። ጥፋት ቢያገኝ ኖሮ እልል ይል ነበር፤ ሰው የራሱን ስሕተት በዚህ ዓይነት ሲመኝ ያሳዝናል። ምንም የለም። መዶሻውን አንሥቶ ወረወረው። መዶሻው የግድግዳውን ቆርቆሮ መትቶ ወደቀ።

ስልኩ ጮኸ። የወንድሙ ሚስት ናት።

«እትዬ፣ ምነው?»

«እባክህ ይሄን መኪና ጨርስለትና እንገላገል። ቤት ውስጥ አላስቀመጠንም። ትናንት ማታ ደግሞ ብርጭቆ ሰበረ። በሳምንቱ ሁለተኛው ነው።»

«በንዴት?»

«በምን ይሆናል እንግዲህ። ከእጁ ወረወረውና ዝም ብሎ አየው። ስጠይቀው ጮኸብኝ።»

«እሺ እትዬ። ዛሬ እጨርሳለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ለብርጭቆው አላዘነም፤ እንዲያውም እሱም አንድ የሚሰብረው ቢያገኝ ደስ ባለው። ጎማዎቹን መልሶ ገጠመ፣ ክሪኩን አወረደና ወንድሙን ጠራው።

«ና ንዳው።»

በዚያ ጋራዥ ቡሎን ያጠበቀ ሰው መኪናው ሲሞከር ጋቢና ይቀመጣል፤ የተጻፈ ሕግ አይደለም ግን ማንም አይተላለፈውም። መኪናው የሚወድቅ ከሆነ አብረህ ውደቅ ነው ነገሩ። ውኃልክ በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የፊት ጎማውን ሲያይ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ወለሉ አስጠግቶ የብረቱን ድምፅ ሲያዳምጥ ነበር። የሚያውቀው ብረት ነው፣ የሚመለከተውም ብረት።

ዛሬ ግን አንገቱን አላወጣም። ሰልችቶታል። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው መንገድ ሲገቡ ወደ ወንድሙ ዞሮ ተቀመጠ። ዓላማው መኪና ማየት አልነበረም፤ ሲያጠራቅመው የሰነበተውን ሊናገር ነበር። አፉን ከፈተ። «እኔ እኮ ጋሼ...» ብሎ ጀመረና ቆመ።

የወንድሙ ግራ ጉልበት ከመሪው ሥር ገብቷል።

መጀመሪያ ትርጉም አልሰጠውም። የጭነት መኪና መሪ ሰፊ ነው፤ ጉልበት ሊነካው ይችላል። ግን ይሄ የነካ አይደለም። ጉልበቱ ከታች በግራ በኩል ሽቅብ ደግፎ ይዞታል። ከላይ የግራ እጁ መሪው ላይ አለ፤ አለ ግን አልያዘም። አውራ ጣቱ ብረቱ ላይ ተጋድሟል፣ ሌሎቹ ጣቶች ተዘርግተው ዝም ብለዋል። መኪናው ትንሽ ጉድጓድ ሲመታ እጁ ከመሪው ላይ ተንሸራትቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። ወንድምየው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ በቀኝ እጁ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሰው የወደቀ ኮፍያውን እንደሚያነሣ ነው ያነሣው፤ የለመደው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። በዚያች ቅጽበት መሪውን የያዘው ጉልበቱ ብቻ ነበር፤ ጉልበቱ ሽቅብ ሲገፋ መሪው ወደ ቀኝ ዞረ፣ የመንገዱም ጠርዝ መምጣት ጀመረ።

«አየህ?» አለ ወንድምየው። «ይኸው። ጎተተ።»

ውኃልክ ዓይኑን ከወንድሙ ግራ እጅ ላይ ሳያነሣ «ማርሽ ቀንስ» አለ።

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ቀንስ።»

«አያስፈልገውም።»

ያን ጊዜ ሌላውም ነገር ገባው። ወንድሙ በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ በአንድ ማርሽ ሲሄድ ነበር። ሞተሩ እያጓራ ሲለምነው እንኳ አይቀይርም፤ ውኃልክ ተናዶ ነው ብሎ አልፎታል። ማርሽ ለመቀየር ቀኝ እጅ ከመሪው መነሣት አለበት፤ ግራ እግርም ፍሪሲዮን ለመርገጥ መውረድ አለበት፣ ጉልበቱን ይዞ። ያን ጊዜ መሪው ለግራ እጅ ብቻ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በየጥምዝምዙ ማርሽ ሳይቀንሱ በሕይወት አይወረድም።

«ጋሼ፣ አቁመው።»

«ምን ሆንክ?»

«አቁመው ነው የምልህ።»

ወንድምየው ፊቱን አየውና አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። በአካባቢው የአንድ መጋዘን በር በነፋስ ይንኳኳል እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ውኃልክ ኪሱ ውስጥ የነበረውን የቡሎን መፍቻ ቁልፍ አወጣና ዘረጋለት። «በግራ እጅህ ያዝልኝ» አለው።

ወንድምየው ቁልፉን አየው። እጁን አልዘረጋም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጋሼ።»

ወንድምየው ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ደነዘዘኝ። ተኝቼበት መስሎኝ ነበር። ይለቀኛል ብዬ አሸሁት። ያን ቀን ንግግሬም ትንሽ ተያዘ፣ እሱ እስከ ማታ ለቀቀኝ። ይሄ ቀረ።»

«ለሐኪም አልነገርክም?»

«ለሐኪም ብነግር መንጃ ፈቃዴን ይቀማኛል።»

«ለእትዬስ?»

«እሷ ለሐኪም ትነግራለች።»

ውኃልክ ተናደደ፤ ቀደም ሲል የተናደደው ንዴት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። የፈታው ቡሎን፣ ያቃጠለው ፒን፣ የጫኑት አሸዋ፣ ያላለቀ ሌሊት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣበት። «ታዲያ እኔን ምን አድርግ ብለህ ነው ብረት የምታስቀጠቅጠኝ? እጅህ እንደሆነ እያወቅክ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደለም?»

«አላወቅኩም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«አላወቅኩም አልኩህ» አለ ወንድምየው፣ ድምፁም ዝቅ አለ። «መሪው ከድሮም ከባድ ነበር። አንተው አይደለህ አልቋል፣ ደርቋል ስትለኝ የኖርከው? እሱ ነው የሚያደክመኝ አልኩ። ፒኑ ተጣብቋል ብለህ ያሳየኸኝ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ አታውቅም። ይሄ ሲሠራ እጄም ይመለሳል ብዬ ነበር። ከዚያ ሠራኸው፤ መሪው በአንድ ጣት የሚዞር ሆነ። እጄ ግን ያው ነው። አንድ ነገር ረስቷል አልኩ። እያንዳንዱን ጊዜ ስትፈታው ቆሜ ሳይህ፣ አሁን ያገኘዋል፣ አሁን ያገኘዋል እላለሁ። አንተ ጥፋት አጥተህ አታውቅም።»

ውኃልክ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። የቀረው ፍርሃት ነው፤ እንደ ልጅ ፈራ። ይህ ሰው አባቱ ነው፣ አባት ደግሞ ክሪክ አስገብተው የሚያነሡት ነገር አይደለም።

«ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ።

«ሰኞስ?»

«ሰኞ የለም።»

«አልችልም ብዬ ነው የምቀረው?» ወንድምየው ወደ እሱ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንተ ሾፌር አይደለህም፤ አታውቀውም። እጁ ሞተ ከተባልኩ እሑድ ሳይመሽ በየጋራዡ ይወራል። ብድንስ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚያምነኝ የለም።»

ውኃልክ ወርዶ በመኪናው ፊት ዞሮ የሾፌሩን በር ከፈተ። ወንድምየው ትንሽ ቆይቶ ተነሣና ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ መኪናው ውስጥ ወደ ሌላኛው ወንበር ተሻገረ። ሲመለሱ መኪናው በውኃልክ እጅ ሳያጣምም ሄደ፤ መሪው ቀሊል ነው፣ ባሊስትራው ጉድጓዱን እየዋጠ ያሳልፋል። ሥራው በጣም ጥሩ ነበር። ይህን ማወቁ አናደደው።

በጋራዡ በር ሲገቡ ባለ ሞተሩ እጁን እየጠረገ ብቅ አለ። ከጎኑ ለሳምንቱ መጨረሻ ሁለት መኪኖቹን ለውኃልክ ሊያስገባ ቀጠሮ የያዘ ባለ መኪና ቆሟል።

«እህ፣ ተቃና?» አለ ባለ ሞተሩ።

ወንድምየው ከጋቢናው እየወረደ ነበር። ግራ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ቀና ብሎ ውኃልክን አየው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ልመና አልነበረም፣ ልመና ቢሆን ይቀል ነበር።

«አልተቃናም» አለ ውኃልክ።

«ምን?»

«አልተቃናም። አቅቶኛል። ጥፋቱን አላገኘሁትም።»

ባለ ሞተሩ ሊስቅ ጀምሮ የውኃልክን ፊት ሲያይ ተወው። ባለ መኪናው ግን ቀረብ አለ። «አንተን አቅቶህ?» አለ።

«አዎ። የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘውን አክሱል እንዳለ አወርደዋለሁ። ሰኞ አይወጣም። የሚቀጥለውም ሰኞ አይወጣም። ወንድሜ የሚቀረው በኔ ምክንያት ነው፤ ለጭነቱ ባለቤት ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

ክሪኩን አምጥቶ የመኪናውን ፊት እንደገና አነሣ። ጎማዎቹን አወረደ። ከዚያ ባሊስትራውን ከአክሱሉ ጋር የያዘውን፣ ለወንድሙ ብሎ ሁለቴ ያጠበቀውን ቡሎን ይፈታ ጀመር። ጠንክሮ ስለታሰረ አልላላ አለው፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ባለ መኪናው ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ቅር እንዳትሰኝብኝ፣ ጭነት ስለሚያስቸኩለኝ ነው፣ የኔን መኪኖች ሌላ ቦታ ብወስዳቸው ይሻላል» አለ። መኪናቸው እስኪሠራ በጋራዡ የሚጠብቁ ሌሎች ሾፌሮችም ሰሙት።

«ደግ» አለ ውኃልክ፣ ከቧንቧው ላይ ሳይነሣ።

ወንድምየው ይህን ሲሰማ ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ብድግ አለ። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆይ» ብሎ ወደ ባለ መኪናው ሄደ። «ይሄ ልጅ ምንም አላቃተውም። መኪናው...»

«ጋሼ» አለ ውኃልክ።

ወንድምየው ቆመ።

«ተቀመጥ።»

ውኃልክ በዕድሜው ለታላቅ ወንድሙ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። የተናገረውን ሲሰማ ራሱም ደነገጠ። ወንድምየው ባለ መኪናውን አየ፣ እሱን አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ኪሱ መልሶ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።